«ባህላቸው ነው» ካልን በኋላስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የሶሲዮሎጂ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስለ ባህል አንጻራዊነት ስንማር፣ አንድን ልማድ ለመረዳት በባለቤቶቹ ዓይን ማየት ያስፈልጋል ተባልን። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ተነሥቶ «እንግዲያው ቻይናዎች የሴት ልጆቻቸውን እግር ጠፍረው ማሰራቸውም ልክ ነበር ማለት ነዋ!» አለ። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ሲጯጯህ ሰዓቱ አለቀ። እኔ ከሁለቱም ወገን መሆን አቃተኝ። መፍረድ ካልተፈቀደልኝ መማሩ ለምን ይጠቅመኛል?
ግራ የገባት ተማሪ

መልስ፦ ልጄ፣ መፍረድ ማን ከለከለሽ? «ለምን ያደርጉታል?» አንድ ጥያቄ ነው፤ «ማድረጋቸው ተገቢ ነው ወይ?» ሌላ ጥያቄ ነው። የባህል አንጻራዊነት የመጀመሪያውን በቅጡ ሳትመልሺ ወደ ሁለተኛው አትሩጪ ይልሻል፤ ሁለተኛውን ጨርሶ አታንሺ አይልም። ሳስተምር በነበረበት ዘመን በፈተና ወረቀት ላይ «ሁሉም ባህል እኩል ትክክል ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ባየሁ ቁጥር በቀይ አሰምርበት ነበር። ተማሪዎቼ እንዲህ ብለው ሲጽፉ ነጥብ የሚያገኙ ይመስላቸው ነበር መሰለኝ።

ሐሳቡ ከማን ጋር ሲሟገት እንደተወለደ ብታውቂ ነገሩ ይቀልሻል። ሉዊስ ሄንሪ ሞርጋን የተባለው አሜሪካዊ በ1877 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) የሰውን ልጅ በሦስት እርከን ደረደረው፤ ከታች አውሬነት፣ ከመካከል አረመኔነት፣ ከላይ ሥልጣኔ። ላይኛው እርከን ላይ የተቀመጡት መሰላሉን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው መሆናቸው እንግዲህ አይግረምሽ። በዚህ አሳብ ላይ ከተነሡት ዋነኛው ጀርመን የተወለደው አንትሮፖሎጂስት (የሰውን ልጅ ባህልና አኗኗር የሚያጠና ባለሙያ) ፍራንዝ ቦአስ ነው። በፊዚክስ ዶክትሬቱን ይዞ በ1883 በካናዳ ሰሜን ጫፍ ወዳለው ባፊን ደሴት ሄደና ከበረዶው አገር ነዋሪዎች ከኢኑይቶች ጋር ከረመ። በ1887 ደግሞ ዋሽንግተን ካለው ብሔራዊ ሙዚየም ሰዎች ጋር ተከራከረ። ሙዚየሙ ዕቃዎችን በዓይነታቸው ይደረድር ነበር፤ ከየትም ይምጣ፣ ቀስት ከቀስት፣ ከበሮ ከከበሮ ጋር። ቦአስ የአንድ ሕዝብ ዕቃ አንድ ላይ ይቀመጥ አለ። ከበሮው ለጭፈራ ይመታ፣ ለቀብር ይመታ፣ ሕመምተኛ ለመፈወስ ይመታ በመልኩ አታውቂውም፤ አጠገቡ ያለውን ስታዪ ነው የሚገባሽ።

ይህ ሰው ታዲያ መፍረድ የማይችል ሰው አልነበረም። በ1919 አራት አንትሮፖሎጂስቶች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ምርምርን ሽፋን አድርገው ሰልለዋል ብሎ በአደባባይ አወገዛቸው። የአሜሪካ አንትሮፖሎጂ ማኅበር በሰላዮቹ ፈንታ እሱን ወቀሰ፤ ወቀሳው የተሰረዘው በ2005 ነው፣ ሰውየው በሞተ በ63 ዓመቱ! ናዚዎች በ1933 መጽሐፎቹን ያቃጠሉትም ዘር ከዘር ይበልጣል የሚለውን ትምህርት ዕድሜውን ሙሉ ሲታገል ስለኖረ ነው።

አሁን ወደ እግሩ እንሂድ። ልጅቷ ገና በአምስት በስድስት ዓመቷ ከአውራ ጣቷ በቀር የእግሯ ጣቶች ወደ ታች ታጥፈው በረጅም ጨርቅ ይጠፈራሉ፤ አጥንቱ እስኪቀየር ለዓመታት እየጠበቀ ይታሰራል። አብዛኛውን ጊዜ የምታስረው እናቷ ናት፤ ያቺ እናት ራሷም በልጅነቷ ያለቀሰች ናት። «ጨካኞች ነበሩ» ብለሽ ልትዘጊው ትችያለሽ። ግን በሚሊዮን የሚቆጠሩ እናቶች ለመቶዎች ዓመታት ሁሉም ልጆቻቸውን የሚጠሉ ነበሩ ብሎ ማመን ይቻላል? የሚወድ ሰው ይህን የሚያደርገው ምን ቢሆን ነው ብለሽ ስትጠይቂ ነው ነገሩ የሚፈታው። እግሯ ያልታሰረ ልጅ ጥሩ ባል አታገኝም፤ ባል ያላገኘች ሴት ደግሞ በዚያ ዘመን መግቢያ የላትም። አንዲት እናት ብቻዋን «እኔ አላስርም» ብትል ልማዱን አትነካውም፤ የልጇን ዕድል ብቻ ነው የምታበላሸው። ሁሉም ቢተዉት ሁሉም ያርፋሉ፤ ቀድሞ የሚተው ግን ይጎዳል።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቻይናን የገዙት የማንቹ ነገሥታት አግደውት ነበር፤ ሰሚ አላገኙም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግን ከውጭ ሚስዮናውያንም ከቻይናውያን ለውጥ ፈላጊዎችም በኩል ማኅበራት ተቋቋሙ፤ አባል የሚሆኑ ወላጆች የሴት ልጃቸውን እግር ላለማሰር ብቻ ሳይሆን ወንድ ልጃቸውን እግሯ ለታሰረ ልጅ ላለመዳርም ቃል ይገቡ ነበር። ሁለተኛዋን ቃል ልብ በያት። ችግሩ ያለው ከጋብቻው ላይ መሆኑን የተረዳ ሰው ብቻ ነው እንዲህ ያለ መላ የሚመጣለት። አዲሱ የሪፐብሊክ መንግሥት በ1912 በሕግ ሲያግደው ልማዱ በብዙ ቦታ ከውስጥ ተሸርሽሮ ነበር፤ ወደ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ የኖረው ነገር በጥቂት ዐሠርት ዓመታት ጠፋ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይሏል ይህ ነው።

ስለዚህ ለጓደኛሽ «ልክ አልነበረም፤ ግን ለምን እንደነበረ ካላወቅህ ልታስቆመው አትችልም ነበር» በይው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን በመማሪያ መጽሐፍ ብዙም አታገኚውም። ባህል አንድ አፍ የለውም። «ባህላችን ነው፣ አትንኩት» የሚል ድምፅ ስትሰሚ፣ የሚናገረው ማን እንደሆነ እዪ። ብዙ ጊዜ ከልማዱ የሚጠቀመው ነው። ሕመሙ የሚያርፍበት ሰው ዝም ያለው ተስማምቶ ነው ወይስ የሚጠይቀው አጥቶ? እኛ የሙያው ሰዎች በዚህ በኩል ታሪካችን ንጹሕ አይደለም። በ1947 የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶችን ዓለም አቀፍ መግለጫ ሲያረቅ፣ የአሜሪካ አንትሮፖሎጂ ማኅበር በዋነኛነት በሜልቪል ሄርስኮቪትስ የተጻፈ ሰነድ ላከ። የምዕራብ አውሮፓና የአሜሪካ እሴት ብቻ የሆነ መግለጫ ለሰው ሁሉ እንዴት ይበቃል የሚል ነበር። ስጋታቸው ተራ አልነበረም፤ ቅኝ ግዛት በዓይናቸው ፊት ነበር። ነገር ግን የናዚ ጀርመን ሬሳ ገና ሳይቀዘቅዝ «እያንዳንዱ ባህል በራሱ ሚዛን» ማለት ምን ማለት ነው ብለው ከሙያው ውስጥ የተቃወሙ ነበሩ፤ እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ። መግለጫው በታኅሣሥ 1948 ጸደቀ። ማኅበሩ ራሱ በ1999 ሰብዓዊ መብትን የሚደግፍ አቋም አወጣ፤ ዘገየ እንጂ።

ጥያቄ፦ የአንትሮፖሎጂ ሊቃውንት ብዙ የደከሙበት ነገር አባቶቻችን «እንደ አገሩ ይኖሩ፣ ወይ ካገሩ ይወጡ» ብለው በአንድ መስመር የጨረሱት አይደለም እንዴ?
ጡረተኛ አንባቢ

መልስ፦ ጌታዬ፣ ተረቱ ግሩም ነው፤ የሚነግረን ግን ስለ አኗኗር ነው። ሰው ሳይገባው እንደ አገሩ ሊኖር ይችላል፤ እንደ አገሩ ሳይኖርም ሊገባው ይችላል።

ኢቫንስ ፕሪቻርድ የሚባል እንግሊዛዊ በ1920ዎቹ መጨረሻ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ከአዛንዴዎች ጋር ኖረ። አዛንዴዎች ከባድ ነገር ሲገጥማቸው ለጫጩት መርዝ ያጠጡና ትሞታለች ወይስ ትተርፋለች ብለው መልሱን ከዚያ ያነባሉ። እሱም የቤቱን ጉዳይ እንዲሁ እየጠየቀ አስተዳደረ፤ ከማውቀው ከሌላ ዘዴ የሚያንስ ሆኖ አላገኘሁትም ብሎም ጽፏል። እስከዚህ ድረስ ተረቱ ይበቃዋል። ሰውየው ግን የኖረበትን ነገር አመነበት ማለት አይደለም። ሥራው ሌላ ነበር። ምሥጥ የበላው ጎተራ ከሥሩ ጥላ ፍለጋ በተቀመጡ ሰዎች ላይ ሲወድቅ፣ አዛንዴዎች «ሰው በክፉ ኃይሉ አደረገው» ይላሉ። የውጭ ሰው ምሥጡን አያውቁም ብሎ ይስቃል። እነሱ ምሥጡን አሳምረው ያውቃሉ። የሚጠይቁት ሌላ ነው፤ ጎተራው ይወድቅ፣ ግን ለምን እነዚህ ሰዎች በተቀመጡባት ሰዓት? እኛ እዚያ ላይ «አጋጣሚ ነው» ብለን እናቆማለን፤ እነሱ አያቆሙም። ይህን ለማወቅ እንደ አገሩ መኖር ይረዳል እንጂ ብቻውን አይበቃም።

«ወይ ካገሩ ይወጡ» የምትለዋን ግን እኔ አልወዳትም። እዚያው ተወልዶ ልማዱን የሚቃወም ሰው የት ይሂድ?

ጥያቄ፦ በሆስፒታል ውስጥ ከተለያየ አገር የመጡ ቤተሰቦችን አስተናግዳለሁ። ከሟች ጋር የሚያደርጉት አንዳንድ ነገር ያስጠላኛል፤ ፊቴ ላይ እንዳይነበብ እታገላለሁ። ማስጠላቱን እንዴት ላጥፋው?
ነርስ

መልስ፦ እህቴ፣ የሚጠፋም አይመስለኝ። ብሮኒስላው ማሊኖውስኪ በሰዎች መካከል ኖሮ ማጥናትን ለዓለም ያስተማረ ሰው ነው፤ ከሞተ በኋላ በ1967 የግል ማስታወሻው ሲታተም ግን በፓስፊክ ውቅያኖስ ባሉት በትሮብሪያንድ ደሴቶች አብሯቸው በኖራቸው ሰዎች ላይ ንዴትና ንቀት የተሞላበት ገጽ ተገኘ። ሙያው ደነገጠ። እኔ ብዙም አልደነገጥኩም፤ ስሜቱን ማስታወሻው ላይ ትቶ በማግስቱ ሊጠይቅ ይሄድ ነበርና።

ማስጠላት ስለ እነሱ ሳይሆን እርስዎ ስላደጉበት ነገር ነው የሚናገረው። የጥንቱ የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደተረከው የፋርሱ ንጉሥ ዳርዮስ ሬሳ የሚያቃጥሉትን ግሪኮች «ስንት ብከፍላችሁ የአባታችሁን ሬሳ ትበላላችሁ?» ቢላቸው በምንም ዋጋ አሉ። ወላጆቻቸውን የሚበሉትን፣ ካላቲያውያን የሚባሉትን የሕንድ ሰዎች ደግሞ «ስንት ብከፍላችሁ ታቃጥላላችሁ?» ቢላቸው ጮኸው እንዲህ ያለ ነገር አይነሣ አሉ። ተረት ይመስላል። ግን ምዕራብ ብራዚል ያሉት ዋሪ የሚባሉ ሕዝቦች እስከ 1960ዎቹ ድረስ ሟቻቸውን ይበሉ ነበር፤ የሚበሉትም የቅርብ የሥጋ ዘመዶች ሳይሆኑ በጋብቻ የተዛመዱት ናቸው። ቤዝ ኮንክሊን የተባለች አንትሮፖሎጂስት በኋላ ስትጠይቃቸው፣ የሚወዱትን ሰው በቀዝቃዛና በእርጥብ አፈር ውስጥ ጥሎ መሄድ ነበር ለእነሱ የሚከብደው። የውጭ ሰዎች እንዲቀብሩ ሲያስገድዷቸው ሐዘናቸው ላይ ሐዘን ተጨመረባቸው።

በተግባር ለሥራዎ የሚሆን አንድ ዘዴ ልስጥዎ። «ለምን እንዲህ ታደርጋላችሁ?» ብለው አይጠይቁ፤ ሰው ክስ ይመስለዋል፣ «ባህላችን ነው» ብሎም ይዘጋዋል። «ይህ ባይደረግ ምን ይሆናል?» ይበሉ። ሟቹ ምን እንደሚደርስበት፣ ማን እንደሚቀየም፣ ምን እንደሚፈሩ ይነግሩዎታል፤ ለሥራዎ የሚያስፈልግዎ እሱ ነው። ከዚያ የሆስፒታሉ ደንብ የቱን እንደሚፈቅድ፣ የቱን ለሌላ ሰዓት ወይም ለሌላ ክፍል ማዛወር እንደሚቻል ለመነጋገር መነሻ ይኖርዎታል። ሲችሉ ደግሞ ቤተሰቡን ወክሎ ከሚናገረው ሰው ሌላ አንድ ሰው ለብቻው ይጠይቁ፤ ዳር ቆማ የምታለቅሰውን ሴት ወይም ወጣቱን ልጅ። መልሱ ከተለያየ ሁለቱንም ይያዙት።