ሸረሪትም «ነፍሳት»፣ ዝልግልጉም «ሻጋታ»?

ጥያቄ፦ ስለ ፍጥረታት ልዩነት ለተማሪዎች እየጻፍኩ ነው። ሸረሪትን «ነፍሳት»፣ ፈረንጆቹ ስላይም ሞልድ የሚሉትን ደግሞ «ዝልግልግ ሻጋታ» ብያቸዋለሁ። ያስኬዳል?

መልስ፦ «ዝልግልግ» ይሁንልዎ። ጥሩ ቃል ነው፤ «ተዝለገለገ» ሲባል ራሱ ነገሩ ከጣት አልላቀቅ ሲል ይታያል። «ሻጋታ» ላይ ግን አልስማማም። ቃሉ የወጣው «ሻገተ» ከሚለው ግስ ነው። ሻጋታ ካለ የሻገተ ነገር አለ። ይህ ፍጡር ምንም አያሻግትም፤ በበሰበሰ ግንድ ላይ እየተሳበ ባክቴሪያ ይለቅማል። እንደ ሻጋታ ፈንገስም አይደለም፤ ዘመዱ ባለ አንድ ህዋሱ አሜባ ነው። አንቶን ደ ባሪ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከፈንገስ ለይቶታል። በብዛት የሚጠናው ቢጫው ዓይነት መዳፍ ቢያክልም አንድ ህዋስ ነው፤ በውስጡ ግን እልፍ ኒውክለስ (የህዋስ እምብርት) አለ። ለሁለት ቢቆርጡት ሁለቱም ቁራጭ ይኖራል። ሸረሪት እንዲህ አትሆንም።

«ፈረንጅም ሻጋታ ብሎታል፣ እኛ ምን አገባን?» የሚሉ አሉ። የሰው ስህተት ለምን እንዋሳለን? አመጋገባቸውን ይዩ። ፈንገስ ምግቡን ከአካሉ ውጭ አሟሙቶ ይመጥጣል። ሸረሪትም ፈሳሽ ረጭታ ያደነችውን ካሟሟች በኋላ ትመጥጣለች። ዝልግልጉ ግን ውጦ ከውስጥ ይፈጫል። በዚህስ ከሆነ ለፈንገስ የምትቀርበው ሸረሪት ናት!

ወደ እሷ ስንመጣ፣ ግእዙ «ሳሬት» ይላታል። እኔ «ሸረሪት» ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል፤ የድምፁ ቅርበት ደስ ይለኛል። «ነፍሳት» ግን ስድስት እግርና ሦስት ክፍል አካል ላላቸው ነው። ሸረሪት እግሯ ስምንት፣ አካሏ ሁለት ክፍል ነው፤ ክንፍም አንቴናም የላትም።

ደግሞ «ነፍሳት» የ«ነፍስ» ብዙ ቁጥር ነው። «አንድ ነፍሳት» ሲባል ጆሮዬን ያመኛል፤ «ነፍሳቶች» ሲባልማ ይብሳል። ሆኖም ነጠላው «ነፍስ» ለሌላ ትርጉም ተይዟል። ስለ አንዲት ጉንዳን «አንዲት ነፍስ» ብንል ማን ይረዳናል? ሕዝቡ ክፍተቱን በራሱ መንገድ ሞልቶታል፤ ሸረሪትንም እዚያው ጨምሯታል። ሳልወድ እቀበለዋለሁ፣ ለጨዋታ። ለተማሪ ሲጽፉ ግን «ሸረሪት» ብለው ያቁሙ፤ ያኛውንም «ዝልግልግ» ብቻ ይበሉት።