አለቃዬ ልትለቅ ነው፤ ልከተላት?

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን በሚገኝ የላቲኖዎች (የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን) የሲቪል መብት ድርጅት ውስጥ፣ በፖሊሲ ክፍል ስሠራ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ሥራውን ያስተማረችኝ የክፍሉ ኃላፊ በወሩ መጨረሻ ትለቃለች። ወደ መንግሥት ቤት ልትገባ ነው ይባላል። ልከተላት ወይስ ልቅር? ደግሞ ሐበሻ ነኝ፤ እሷ ከሌለች እዚህ ቤት ማን አለኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ሌላውንም ያስጨነቀሽ እሱ ይመስለኛል። እስከ 2017 (እ.ኤ.አ.) ናሽናል ካውንስል ኦፍ ላ ራዛ ይባል በነበረው፣ ዛሬ ዩኒዶስ ዩኤስ በሚባለው የላቲኖዎች ድርጅት ውስጥ የፖሊሲ ሥራውን ለአሥርት ዓመታት ከመሩት አንዱ ቻርልስ ካማሳኪ ናቸው። ዘራቸው ከጃፓን ነው። 2.7 ሚሊዮን ያህል ስደተኞችን ሕጋዊ ባደረገው የ1986ቱ ሕግ ክርክር ውስጥም ነበሩ። አንቺም ስፓኒሽሽን አጠንክሪ እንጂ ዘርሽን አትቁጠሪ።

መከተሉን በተመለከተ፣ ከዚያው ቤት የወጡትን ሲሲሊያ ሙኞዝን ተመልከቺ። ሃያ ዓመት ያህል ሠርተው በ2009 ዋይት ሐውስ ገቡ። ኦባማ ሎቢስቶች (ሕግ አውጪዎችን የሚያግባቡ ሰዎች) መንግሥት ቤት እንዳይገቡ የሚያግድ መመሪያ አውጥተው ስለነበር፣ ሙኞዝም ሎቢስት ስለነበሩ ልዩ ፈቃድ አስፈልጓቸዋል። በ2012 የአገር ውስጥ ፖሊሲ ምክር ቤት ዳይሬክተር ሆኑ። ከዚያ ግን የመንግሥትን ስደተኞችን ከአገር የማባረር ፖሊሲ በአደባባይ የሚከላከሉት እሳቸው ሆኑ፤ የስደተኞች መብት ተሟጋቾችም ተነሱባቸው። ትክክል ነበሩ አልነበሩም የሚለውን ለሌላ ቀን እንተወው። አለቃሽ ወንበር ስትቀይር ግን ጸቧም ይቀየራል። ያንን ጸብ የራስሽ አድርገሽ ካልመረጥሽው አትግቢበት። እኔም በወጣትነቴ አንድ አለቃ ተከትዬ ሄጄ ነበር፤ በስምንተኛው ወር እሱ ራሱ ለቀቀና እኔ ማንም በማያውቀኝ ቢሮ ቀረሁ።

አሁን ቁም ነገሩ የቀሩት ሳምንታት ናቸው። ፋይሉ ኮምፒውተር ውስጥ ይቀራል፤ የየውሳኔው ምክንያት ግን ከእሷ ጋር ይሄዳል። ለምሳሌ የ2013ቱ የኢሚግሬሽን ረቂቅ ሕግ ሴኔቱን 68 ለ 32 አልፎ በታችኛው ምክር ቤት ለድምፅ እንኳ ሳይቀርብ ሞቷል። በዚያ ድርድር አለቃሽ የት ነበረች? የትኛውን አንቀጽ በየትኛው ለወጡ? የማይወዱትን ለምን ዋጡ? ቡና ጋብዣትና ጠይቂያት። ኮንግረስ ውስጥ ስልክ የሚያነሱላት ረዳቶች እነማን እንደሆኑም ትንገርሽ፤ ከቻለች በአካል ታስተዋውቅሽ። እንዲህ ያለ ነገር በርክክብ ሰነድ ላይ አይጻፍም።

ወንበሯን አሁን አትጠይቂ፤ በሦስት ዓመት አይሰጡሽም፣ ቢሰጡሽም ይከብድሻል። ይልቅ እሷ ይዛቸው ከነበሩት ጉዳዮች አንዱን፣ ለምሳሌ በአዳዲስ የመንግሥት ደንቦች ላይ አስተያየት ጽፎ የማስገባቱን ሥራ፣ በስምሽ እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ጥያቄውን እሷ ሳትወጣ አቅርቢ፣ ድጋፏ እንዲጨመርበት።

የምስክርነት ደብዳቤውን ደግሞ በዚህ ሳምንት አጽፊ። ለስንብቱ ግብዣ አታቆዪው፤ ያን ቀን ሁሉም ሰው ደብዳቤ ይለምናታል።