ቀዳዳውን ለመደበቅ አትልፊ (የተቀደደ ጂንስና ብል የበላው ሹራብ ለጠየቅሽው)

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። ጂንስሽ ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፣ የሹራብሽን ክርን ብል በልቶታል፣ በጥልፍ አሳምሬ ልጠግነው ስል ደሞ እማዬ "ድሪቶ ለብሰሽ ልትወጪ ነው?" አለችኝ ነው ያልሽው አይደል። ከላይ የመለሱልሽ አብዛኞቹ ልብስ ሰፊ ጋ ውሰጂው ብለዋል፣ ጥሩ ነው ግን አንቺ እሱን አልጠየቅሽም። እኔ የሀበሻ ቀሚስ ጥልፍ ስሰራ ብዙ አመቴ ነው፣ የቤቱን ሰው ልብስም በዚሁ እጄ ነው የምጠግነው፣ ስለዚ ትንሽ ረዘም አርጌ ልጻፍልሽ፣ የቸኮለ ይለፈው።

መጀመሪያ የእማዬን ነገር። እውነቷን እኮ ነው። እኛ ጋ የተጣፈ ልብስ ያጣ ሰው ልብስ ነው፣ ሱሪው ቂጡ ላይ የተጣፈ ልጅ ትምህርት ቤት ምን ያህል ይሳቅበት እንደነበር እሷ ታውቀዋለች። ልብስ ሰፊውም የሚመሰገነው የሰፋው ሳይታይ ሲቀር ነው። ግን ጂንስ ላይ መደበቅ የሚባል ነገር የለም፣ ታጥቦ ታጥቦ የነጣ ሰማያዊ ላይ አዲስ ሰማያዊ ጨርቅ ብታረጊበት ካስፋልቱ ማዶ ያስታውቃል፣ ሊደብቁት ሞክረው ያልሆነላቸው ነው የሚመስለው። ድሪቶ የሚያስመስለው እሱ ነው እንጂ መጣፉ አይደለም። ስለዚ የኔ ህግ ወይ ጨርሶ አይታይ ወይ በደንብ ይታይ ነው። ነጭ ወይ ቀይ ክር ያዢ፣ ስፌቱ እኩል እኩል ይሁን፣ ጠርዙ ቀጥ ይበል፣ ያየ ሰው ሁሉ ሆን ተብሎ እንደተሰራ ይገባዋል።

ኢንተርኔት ላይ ያየሽው ሳሺኮ የሚባለው የጃፓኖች ስፌትም መነሻው ችግር ነው። ሰሜን ጃፓን ከብርዱ የተነሳ ጥጥ አይበቅልም፣ ገበሬዎቹ ያገኟትን እራፊ ሁሉ እየደራረቡ በእጅ ይሰፉ ነበር፣ እንደዛ ተጥፎ ተጥፎ ያለቀውን ልብስ ቦሮ ይሉታል፣ ያኔ የሚያሳፍር ነበር አሁን ሙዚየም ተሰቅሎ ይጎበኛል። ቤንጋሎችም (ህንድና ባንግላዴሽ ያሉት) አሮጌ ሳሪ ደራርበው ካንታ የሚባለውን የእጅ ስፌት ይሰራሉ። ይሄን ለእማዬ ብታወሪላት ግን አትሰማሽም፣ ሰርተሽ አሳያት ይሻላል።

ወደ ስራው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀዳዳውን ብቻ ስለሚያይ ነው። ጂንሱን ወደ መስኮት ወይ አምፖል አንስተሽ እዪው፣ በቀዳዳው ዙሪያ ብርሃን የሚያሳልፍ የሳሳ ቦታ አለ፣ እሱም ሞቷል፣ ነገ የሚቀደደው እሱ ነው። መጣፊያው ጨርቅ ያንን ሁሉ አልፎ ጤነኛው ጨርቅ ላይ ቢያንስ 2 ሳንቲሜትር መግባት አለበት። ቀዳዳውን ብቻ የምታክል ጨርቅ ካረግሽ በሁለት እጥበት ዳር ዳሩን ይበጣጠሳል።

መጣፊያው ከአሮጌ ጂንስ ወይ ወፈር ካለ ጥጥ ይሁን፣ ሰልባጅ ተራ የማይለበስ ሱሪ በርካሽ ታገኚያለሽ። አዲስ ጨርቅ ከሆነ ሳትሰፊው እጠቢው፣ አለበለዚያ ከተሰፋ በኋላ ይሸበሸብና ጉልበቱ ላይ ተሰብስቦ ይቀራል። ከውስጥ በኩል አርጊው፣ የጨርቁ ድር (ወደ ቁመቱ የሚሄደው ክር) ከጂንሱ ድር ጋር በአንድ አቅጣጫ ይሂድ፣ በትልልቅ ጊዜያዊ ስፌት ዙሪያውን ያዢው። የሚለጠጥ ጂንስ ከሆነ ደሞ (አሁን አብዛኛው እንደዛ ነው) ክሩን አጥብቀሽ አትሳቢ፣ መስመር ጨርሰሽ ስትዞሪ ከጀርባ ትንሽ ላላ አርገሽ ተያት፣ ካልሆነ ቁጭ ስትዪ ጧ ይልብሻል።

ክሩ የጥልፍ ክር ነው፣ የስፌት መኪና ክር ቀጭን ነው አያምርም። አንዷ የጥልፍ ክር 6 ሆና የተገመደች ናት፣ ለጂንስ 3ቱን ነጥለሽ ተጠቀሚ፣ ደመቅ እንዲል ከፈለግሽ 6ቱንም። ከክንድሽ አታስረዝሚው ይወሳሰባል። ቀይና ጥቁር ክር ቀለም ሊለቅ ይችላል፣ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ አርገሽ በካውያ ተጫኚው፣ ነጩ ላይ ከወጣ ተዪው ሌላ ግዢ። መስመሩን በማስመሪያና በሳሙና ስባሪ አስምሪ፣ 5 ሚሊሜትር እየወጣ እየገባ የሚሄድ ስፌት በቂ ነው፣ አበባ ምናምን አያስፈልግሽም። እኔ በግሌ ጉልበት ላይ የአበባ ጥልፍ አልወድም፣ ጉልበት ይታጠፋል ይፈተጋል፣ የሞላ ጥልፍ ቶሎ ይላላል። መስቀል መስቀል የሆነ ነገር ካማረሽ በሁለት አቅጣጫ ስፌት ይወጣልሻል።

እጅሽ እግሩ ውስጥ አልገባ ካለ መጽሔት ወይ የፕላስቲክ መክተፊያ ጨምሪበት፣ የፊቱን ከኋላው ጋር አብረሽ እንዳትሰፊው። በጣም ጠባብ ከሆነ ሰፈር ውስጥ በረንዳ ላይ መኪና ይዘው የሚቀመጡት ልብስ ሰፊዎች ጋ ሄደሽ የውጪውን ጎን አስፈቺው፣ ስትጨርሺ ይዘጉልሻል። የውስጡ ጎን አብዛኛው ጂንስ ላይ ታጥፎ ድርብ ስለተሰፋ እሱን አታስነኪ። ጭን ለጭን የሚፋተግበት ቦታ ከሆነ የተቀደደው ግን ጌጡን ተዪው፣ እዛ በራሱ ቀለም ክር ጥቅጥቅ አርጎ መስፋት ነው ያለው።

ሹራቡ ሌላ ስራ ነው። መጀመሪያ ብሉን ግደዪ፣ ካልሆነ ሌላ ጋ ይበላልሻል። አጥበሽ ካደረቅሽ በኋላ በፕላስቲክ ጠቅልለሽ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሁለት ሳምንት አስቀምጪው፣ እንቁላሉም ትሉም ይሞታል። ከዛ የተቃጠለ አምፖል እጅጌው ውስጥ ከተሽ ክርኑን ወጥሪው፣ ጫፉ ዱልዱም የሆነ መርፌ ያዢ፣ እንደ ሹራቡ ውፍረት የሱፍ ክር። አሁን ሸማኔ ነሽ በቃ። ከታች ወደ ላይ ድሩን ትዘረጊያለሽ፣ ከቀዳዳው ውጪ አንድ ጣት ያህል ጤነኛው ላይ ጀምረሽ፣ መስመሮቹን አጠጋግተሽ። ቀጥሎ ማጉን (አግድም የሚሄደውን ክር) ከጎን አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያረግሽ ታስገቢያለሽ፣ ስትመለሺ ተቃራኒውን፣ በየመስመሩ በመርፌው ጫፍ ጠቅ ጠቅ እያረግሽ ታጠጊዋለሽ። ድሩን ቢጫ ማጉን አረንጓዴ ብታረጊ ትንሽ ዳማ ይወጣልሻል፣ ግራጫ ሹራብ ላይ እንዴት እንደሚያምር። ከሹራቡ የተፈታችውን የክር ቀለበት ሁሉ ድሩ ውስጥ አስገቢ፣ አንዷ ካመለጠች ሹራቡ ወደ ታች ይተረተራል። ቋጠሮ አትስሪ፣ ክርን ላይ ይቆረቁራል፣ ጫፉን ከውስጥ ሹራቡ መሀል ሰክተሽ ቁረጪው።

እጥበቱን በአጭሩ፣ ገልብጠሽ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በረኪና እንዳታስነኪው።

ከላይ ደሞ አንዷ ነጠላዬ ተቀደደ ብላለች። እህቴ ነጠላ ላይ መጣፍ የለም፣ ጨርቁ ስስ ነው መጣፊያው ይጎትተዋል። ከራሱ ዘርፍ አንድ ሁለት ክር ነጥለሽ እንደ ሹራቡ በድርና ማግ ሙዪው፣ ክሩ ያው የራሱ ስለሆነ ሲታጠብ ይመሳሰላል። ጥለቱ ላይ ከሆነ የተቀደደው ግን እጅሽን አታሳርፊበት፣ ሽሮ ሜዳ ወስደሽ ሸማኔ አሳዪው። እዛም መጀመሪያ ዋጋ የሚጠራልሽን ሰው እሺ አትበዪ፣ ሁለት ሶስት ቦታ ጠይቂ።