ደለል የጠማው አገር

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱ ዞረው ዞረው አንድ ነገር ላይ ገጠሙ። አንዱ ከኮምቦልቻ ነው፣ ሁለቱ ከዚሁ ከደሴ። ስለዚህ የዚህ ወር ገጻችንን ለነሱ ለቀናል። ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት የጠየቃችሁ ለሚቀጥለው ጠብቁን።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የእህቴ ልጅ አሜሪካ ሉዊዚያና በሚባል ክፍለ አገር ነው የሚኖረው። በቀደም ደውሎ ሲያጫውተኝ፣ ወንዝ ጠልፈው ደለሉን ወደ ባህር ዳር ረግረግ ሊለቁት ሦስት ቢሊዮን ዶላር መድበው፣ ሥራውን ጀምረውት ሲያበቁ በፖለቲካ ተጣልተው ተዉት አለኝ። እኔ ወላሂ አልገባኝም። እዚህ ቦርከና ወንዝ በመጣ ቁጥር ማሳችን ላይ ደለል እየደፋ አበሳ ያሳየናል። አምና አንድ ጥማድ ጤፌን ዋጠው። ደለል በገንዘብ የሚፈልግ ሰው አለ? ልጁ እያሾፈብኝ ይሆን? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አብሽሩ ጋሼ፣ ልጁ አላሾፈም። ነገሩ ግን ከስሩ ካልተያዘ እውነትም ቀልድ ይመስላል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይሞክሩ። ሐምሌ ላይ ቦርከና ሲሞላ በሃይላንድ ውሃውን ቀድተው ሳይነኩት ያሳድሩት። እኔ አምና እዚህ ደሴ ድልድይ ስር ወርጄ ቀድቼ ሞክሬዋለሁ፤ ባለቤቴ “ይሄን ጉድ ከቤት አውጣልኝ” ብላ በረንዳ ላይ ነው ያደረው። ገና ሳስቀምጠው አሸዋው ዱብ አለ። ጠዋት ሳየው ከአሸዋው በላይ እንደ ቡና አተላ ያለ ጭቃ ተኝቷል፣ ሁሉም ተደምሮ ሁለት ጣት ይሆናል። ከላይ ያለው ውሃ ግን ገና ሻይ በወተት ነበር የሚመስለው፣ እሱ እስኪጠራ ቀናት ፈጀ። ውሃ ሲሮጥ የተሸከመውን ሲቆም ይጥለዋል፤ ከባዱን ወዲያው፣ ቀላሉን እያመነታ።

የሉዊዚያና ባህር ዳርቻ እንዲሁ ነው የተሠራው። ሚሲሲፒ የአሜሪካን መሃል አገር አፈር እየጠረገ ያመጣና ባህሩ አፍ ላይ ሩጫው ሲያልቅበት ይጥለዋል፣ ይህንንም በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ሲያደርግ ኖሯል። ኒው ኦርሊንስ ራሷ ደለል ላይ ነው የተቀመጠችው። የደለል መሬት ግን አመል አለው፦ እንደ ጭድ ክምር በራሱ ክብደት እየተጠቀጠቀ ይወርዳል። ድሮ ይህ ችግር አልነበረም። ወንዙ ሞልቶ በፈሰሰ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይጨምርበታል፣ መሬቱ የወረደውን ያህል ከፍ ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1927 ታላቅ ጎርፍ መጣና ወደ 70,000 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት አጥለቀለቀ። በዓመቱ የፌዴራሉ መንግሥት ሕግ አወጣና ወንዙን ግራና ቀኝ በአፈር ግንብ አጠረው። እኛ ቦርከና ዳር ጋቢዮን (በሽቦ የታሰረ ድንጋይ) እንደምንደረድረው ማለት ነው፣ የነሱ ግን በሺህ ኪሎ ሜትሮች ይቆጠራል። ሰው ከጎርፍ ዳነ፣ ረግረጉ ግን ቀለቡ ተቋረጠበት። ደለሉ አሁን በሁለት ግንብ መካከል እየጋለበ ሄዶ ጥልቁ ባህር ውስጥ ይገባል። በዚያ ላይ የነዳጅ ኩባንያዎች ረግረጉን በቦይ ቆራርጠው ጨው ውሃ አስገቡበት። ሚዙሪ በተባለው ገባር ላይ የተሠሩት ትልልቅ ግድቦችም ከሚመጣው ደለል ግማሽ ያህሉን አስቀሩት። ውጤቱ ምን ሆነ? ከ1932 ወዲህ 4,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ መሬት ባህር ሆኗል። አዲስ አበባን ዘጠኝ ጊዜ ይውጣል።

ይህ ረግረግ ለጌጥ አይደለም። አውሎ ነፋስ ከባህር ሲመጣ ማዕበሉን ቀድሞ የሚቀበለው እሱ ነው። በ2005 ካትሪና የተባለው ማዕበል ኒው ኦርሊንስን ሲያሰጥም ከ1,000 በላይ ሰው ሞተ፣ ከዚያ በኋላ ነው ክፍለ አገሩ በሙሉ “ባህር ዳራችንን እናድን” ብሎ የተነሳው።

አሁን ወደ እህትዎ ልጅ ወሬ። ሚድ ባራታሪያ ይባላል ፕሮጀክቱ። ከኒው ኦርሊንስ በታች ግንቡን ሰብሮ በር መግጠም፣ ወንዙ ሲሞላ በሩን ከፍቶ በሰከንድ እስከ 2,100 ሜትር ኩብ ውሃ ከነደለሉ ወደ ባራታሪያ ረግረግ መልቀቅ። በ50 ዓመት ውስጥ 50 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ መሬት ይሠራል ተብሎ ተሰላ። ገንዘቡ በብዛት የመጣው ቢፒ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ከከፈለው ካሳ ነው፣ በ2010 የነዳጅ ጉድጓዱ ፈንድቶ 11 ሠራተኞች ከሞቱበትና ለ87 ቀን ባህሩ ውስጥ ነዳጅ ከፈሰሰበት አደጋ። በነሐሴ 2023 የመሠረት ሥራው ተጀመረ። በሐምሌ 2025፣ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከወጣ በኋላ፣ በአገረ ገዢ ጄፍ ላንድሪ ዘመን ተሰረዘ።

ለምን? ጨው ነው ነገሩ። በረግረጉ ጫፍ ኦይስተር የሚያረቡና ሽሪምፕ የሚያጠምዱ ሰዎች አሉ። ኦይስተር ማለት ድንጋይ በሚመስል ቅርፊት ውስጥ የሚኖር፣ አንድ ቦታ ተጣብቆ የሚያድግ የባህር ፍጡር ነው። እንደ ዓሣ ሸሽቶ አይሄድም። ውሃው ጨው ሲያጣ ባለበት ይሞታል። ይህ ደግሞ የፍርሃት ወሬ አይደለም፦ በ2019 ጎርፍ ለማስተንፈስ ቦኔ ካሬ የተባለው ማፍሰሻ ሁለት ጊዜ ሲከፈት በጎረቤት ሚሲሲፒ ክፍለ አገር ኦይስተሩ አለቀ። ወንዙ ሲጠለፍ አጥማጁ በዓመቱ ሥራ ፈት ይሆናል፣ መሬቱን የሚያየው የልጅ ልጁ ነው። ዶልፊኖቹም ይሞታሉ ተብሎ በፕሮጀክቱ ጥናት ላይ በግልጽ ተጽፎ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ የቆየ ቁስል አለ። በዚያው በ1927 ጎርፍ የኒው ኦርሊንስ ሀብታሞች ከተማችን እንዳትሰጥም ብለው ከከተማዋ በታች ካርናርቮን የሚባል ቦታ ላይ ግንቡን በዲናሚት አስፈነዱት። ውሃው ሴንት በርናርድና ፕላክሚንስ የሚባሉትን ወረዳዎች ነዋሪዎች ቤት ንብረት ይዞ ሄደ። ካሳ እንከፍላለን ተባለ። አብዛኛው ሰው እዚህ ግባ የሚባል ነገር አላገኘም። ይባስ ብሎ በማግሥቱ ከላይ በኩል ግንቡ በራሱ ተሰብሮ ወንዙ ተነፈሰ፣ ዲናሚቱ በከንቱ ነበር። ሚድ ባራታሪያን በዋናነት ሲቃወሙ የነበሩት እነማን ይመስሉዎታል? የፕላክሚንስ ሰዎች። ለዚህ ፕሮጀክትም ለተጎጂዎች በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ተይዞ ነበር፣ ግን “ግንቡን እንስበርና እንክሳችኋለን” የሚል ቃል አያታቸውም ሰምተውታል።

እኔን ከጠየቁኝ መሰረዙ ስህተት ነው። ገንዘቡ ወጥቷል፣ ባህሩ አይጠብቅም። ያ አጥማጅ ብሆን ግን ስብሰባው ላይ እኔም አብሬ እጮህ ነበር።

ጥያቄ፦ እኔ ደሴ ውስጥ የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ወንዙን ከመጥለፍ ይልቅ በማሽን ደለል ቆፍሮ ረግረጉ ላይ ማፍሰስ አይቀልም? ጨው ላይ ምንም ችግር አያመጣም። ለምንድን ነው ይህን ያህል የተከራከሩት? (ከደሴ፣ ሮቢት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አጥማጆቹም ያሉት ይህንኑ ነው። ላንድሪም ሲሰርዘው አነስ ያለ ጠለፋና የቁፋሮ ሥራ በምትኩ እንሠራለን ነው ያለው።

አሠራሩ ያምራል። መርከቡ ፊቱ ላይ የሚሽከረከር ጥርሳም ጭንቅላት አለው፣ የወንዙን ወይም የባህሩን ወለል እየፈጨ ከውሃ ጋር ይመጥጣል። ያ ጭቃ በወፍራም ቧንቧ ኪሎ ሜትሮች ተጉዞ፣ በአፈር እርከን የታጠረ ቦታ ላይ እንደ አጥሚት ይዘረገፋል። ውሃው ይሾልካል፣ አፈሩ ይቀራል፣ ሣር ይበቅልበታል። ባህር የነበረው በወራት ውስጥ መሬት ሆኖ ታየዋለህ። አገረ ገዢው መጥቶ ፎቶ ይነሳበታል። በጠለፋ የሚሠራ መሬት ለዚህ አይመችም፣ የጀመረው ሰው ሥልጣን ላይ ሳለ አይደርስም።

ችግሩ የጭድ ክምሩ ነው፣ ከላይ ያልኩት። በቁፋሮ የተሠራው መሬትም በዚያው ቀን መውረድ ይጀምራል፣ የሚጨምርለት ወንዝ የለውም። ስለዚህ ከተወሰነ ዘመን በኋላ መርከቡ ተመልሶ ይመጣል፣ ነዳጁም ገንዘቡም እንዲሁ። የቢፒ ክፍያ ደግሞ በ2031 ያበቃል። ለዚህ ነው የክፍለ አገሩ የባህር ዳርቻ እቅድ፣ የ50 ዓመትና የ50 ቢሊዮን ዶላር እቅድ ነው፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ይዞ የነበረው። ቁፋሮው መሬቱን ይሠራል፣ ጠለፋው ይቀልበዋል።

ጠለፋ ይሠራል ወይ ላልከው ከዋክስ ሌክ የተሻለ ምስክር የለም። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ሞርጋን ሲቲ የምትባለውን ከተማ ከጎርፍ ለማዳን ብቻ ብለው አንድ ቦይ ቆፈሩ፣ ስለ ረግረግ ማንም አላሰበም። ከ1973 ጎርፍ በኋላ ቦዩ አፍ ላይ ደሴቶች ብቅ አሉ፣ ዛሬም እያደጉ ናቸው። በተቃራኒው በ1991 በካርናርቮን፣ አዎ ዲናሚቱ የፈነዳበት ቦታ፣ የተከፈተውን አነስተኛ ጠለፋ የሚጠቅሱ አሉ። ካትሪና ስትመጣ በሱ አቅራቢያ ያለው ረግረግ ተቀዳዶ ሄደ፣ ከእርሻ የመጣ ማዳበሪያ ያለበት የወንዝ ውሃ የሣሩን ሥር አልፈስፍሶት ነው ብለው የሚከራከሩ ተመራማሪዎች አሉ። ለነገሩ ያ ጠለፋ ጨውን እንዲያቀጥን እንጂ ደለል እንዲያመጣ ታስቦ አልነበረም። ውሃውን ከላይ ከላይ ነው የሚቀዳው። የጠርሙሱን ነገር አስታውስ፦ አሸዋው ያለው ከታች ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ካጣህ እነሆ።

ጥያቄ፦ ታዲያ የኛ ቦርከናስ? ደለሉን ለምን ወደ ጨፋ ጠልፈን ረግረጉን አናድንበትም? (ከደሴ፣ ሠላም በር)

መልስ፦ እህቴ፣ ሐሳብሽ ለኛ ሰው እንግዳ አይደለም። የቆቦና የራያ ገበሬ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳው ላይ ሲያስተኛ የኖረ ነው፣ ደለሉንም እንደ ማዳበሪያ ነው የሚያየው። ግን ቦርከና ሚሲሲፒ አይደለም። ባህርም አይደርስም፦ አዋሽ ይገባል፣ አዋሽም ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል።

ጨፋ የጎደለው ደለል ሳይሆን ውሃና ቦታ ነው፣ እየተንጣፈፈ እየታረሰ ነውና። ደለል እንላክ ብንል እንኳ ከደለሉ ጋር የሚሄደውን ማየት አለብን። የደሴ ፌስታልና ሃይላንድ አለ። ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በለዮሌና በወርቃ ወንዞች በኩል ወደ ቦርከና የሚገባው ፍሳሽ አለ፣ ከባድ ብረት ደግሞ ደቃቅ ደለል ላይ ተጣብቆ መጓዝ ይወዳል። በጋ ሲሆን ጨፋ ላይ ከብቱን የሚያሰማራው ሰው፣ የአፋሩም የኦሮሞውም የአማራውም አርብቶ አደር፣ ያ ሣር ነው የሚጠብቀው። እሱ ሳይጠየቅ በር የሚከፈት ከሆነ የካርናርቮንን ታሪክ እዚሁ ደገምነው ማለት ነው።

ጋሼ የኮምቦልቻው፣ ጠርሙሱን ከሞከሩ ስንት ጣት እንደወረደ ይጻፉልን። ከፋብሪካዎቹ በላይና በታች ሁለት ቦታ ቢቀዱልን ደግሞ የበለጠ ደስ ይለናል። ወረቀት ላይ የቀዱበትን ቦታ ጽፈው ይለጥፉበት፣ እኔ ያንን ረስቼ አንዱን ከሌላው ለይቼ አላወቅሁትም።