አንድ ሌሊት ዘነበ ብዬ በቆሎ ልዝራ?

ከጣና ዳር፣ ከባሕር ዳር ዙሪያ አንድ አባት በልጃቸው በኩል እንዲህ ብለው ጽፈውልኛል። «ከትናንት ወዲያ ሌሊት ደህና ዝናብ ጥሎልናል። ሬዲዮውም በሚቀጥለው ሳምንት ዝናብ ይጠበቃል ብሏል። ማሳው ታርሶ አልቋል፣ ቢኤች 660 የሚባለውን ዲቃላ የበቆሎ ዘርም ገዝቻለሁ። ጎረቤቶቼ መዝራት ጀምረዋል። እኔስ ልዝራ ወይስ ልቆይ?»

አባቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ይቆዩ። ግን እጅዎን አጣጥፈው አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ትንበያው። በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ ነው። የሜትዮሮሎጂ ሰዎች ደግሞ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለውን በልግ ይሉታል። ሬዲዮው «የበልግ ዝናብ ተጠናክሯል» ሲል በዋናነት የሚያወራው በበልግ ለሚያመርተው አገር ነው። ጎጃም የሚኖረው በክረምቱ ዝናብ ነው። ስለዚህ ቃሉን ልብ ብለው ይስሙ። «በጥቂት ቦታዎች» ከተባለ የእርስዎ ቀበሌ ርሶ ማዶ ያለው ደረቁን ሊያድር ይችላል። «በብዙ ቦታዎች» ሲባል ነው ለዘር የሚዘጋጁት።

የጣና ዳር ዝናብ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ቀን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነፍሳል፣ ሌሊት ይገለበጣል። ነጎድጓዱም ብዙ ጊዜ መሽቶ ነው የሚመጣው። እናንተ ዘንድ ሌሊት ዘነበ ማለት ክረምቱ ገባ ማለት አይደለም።

አሁን ዶማዎን ይያዙ። ማሳው መሐል አንድ ስንዝር ይቆፍሩ። ከላይ ያለውን አይመኑ፣ ከጉድጓዱ ሥር እፍኝ አፈር አውጥተው ይጨብጡት። እጅዎን ሲከፍቱ ተድቦልቡሎ ከቆየ እርጥበቱ ወርዷል። ፍርፍር ብሎ ከፈሰሰ ገና ነው። ሦስት አራት ቦታ ይሞክሩ። ዋልካ መሬት (ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር) ካለዎት እሱን ለብቻው ይዩት፤ የተሰነጠቀ ዋልካ የመጀመሪያውን ዝናብ በስንጥቁ ውጦ ላዩን ደረቅ ያስቀረዋል።

ይህን አጥብቄ የምለው አንድ ዓመት ያየሁት ስለማይረሳኝ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ወረዳ አንድ ገበሬ እንደ እርስዎ በመጀመሪያው ዝናብ ዘሩ። በቆሎው በሳምንቱ ብቅ አለ፣ መስመሩ ሲያዩት ደስ ይላል። ከዚያ ዝናቡ አሥር ቀን ጠፋ። ሄጄ አንዱን ቡቃያ ነቀልኩት። ቅጠሉ እንደ ሲጋራ ተጠቅልሏል። ሥሩ እንደ ክር ቀጥኖ ደርቋል፣ ከሥሩ ያለው አፈር ደግሞ አቧራ ነው። ዲቃላ ዘር ከጎተራ ወስደው የሚደግሙት አይደለም። እንደገና ገንዘብ አውጥተው ገዙ፣ ያውም ከተገኘ።

መቆየቱም ልክ አለው። ቢኤች 660 ለመድረስ ከ5 ወር በላይ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ሰኔ አጋማሽ ድረስ ይጠብቁ አልልም። አንድ ሳምንት ግን አይጎዳዎትም። አፈሩ ሲረጥብ በመስመር መካከል 75፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር እየለኩ ይዝሩ። ጥልቀቱ ከ5 ሳንቲ ሜትር ብዙ አይራቅ። የዩሪያ ማዳበሪያውን አሁን አይንኩት፤ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ይጨመራል።

ስለ ከብቶቹ አልጠየቁኝም፣ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በደረቅ ሣር የከረመ ከብት ለምለም ሲያገኝ ሆዱ ይነፋል። ጠዋት ጭድ ሳይቀምስ አይውጣ። የአባ ሰንጋ ክትባት ካልተሰጠ ክረምቱ ሳይገባ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጠይቁ። በዚህ ወቅት መብረቅም ይበዛልና እረኞቹ ደመና ሲከብድ ዋርካ ሥር እንዳይጠለሉ ይንገሯቸው። ታንኳ የሚቀዝፍ ልጅ ካለዎትም ማዕበሉ ሳይነሣ በጊዜ ይመለስ።

ማክሰኞ ጠዋት ደግመው ይቆፍሩ። አፈሩ እጅዎ ውስጥ ምን እንደሆነ ልጅዎ ይጻፍልኝ፣ ከዚያ ስለ ዘሩ ቀን እንነጋገራለን።