ከጎጃም ወላጆች ስለ ትምህርት ቤት ወጪ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ልጄ በመጪው መስከረም 1ኛ ክፍል ይገባል። የግል ትምህርት ቤት ወጪን እንዴት ላስላ?

መልስ፦ የወር ክፍያውን ብቻ አይመልከቱ። የትምህርት ዘመኑ ከመስከረም እስከ ሰኔ 10 ወር ስለሆነ፣ በወር 1,500 ብር የሚጠይቅ ትምህርት ቤት ቢሆን በዓመት 15,000 ብር ያስወጣዎታል፤ በዚህ ላይ የመመዝገቢያ፣ የደንብ ልብስ፣ የመጽሐፍና፣ ቤትዎ ራቅ ካለ፣ የሰርቪስ ክፍያ ይጨመራል። ክፍያው በየጊዜው ሊጨምር ስለሚችል፣ ልጅዎ 8ኛ ክፍል እስኪደርስ የሚያስፈልገውን፣ ታናናሾች ካሉም የእነርሱን ጭምር ያስሉ። አቅም አንሶ ልጅን መሃል ላይ ከጓደኞቹ ነጥሎ ማስወጣት ከሁሉ የከፋ ጉዳት ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነፃ ከሆነ መዋጮ የምንጠየቀው ለምንድን ነው?

መልስ፦ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት ከክፍያ ነፃ አድርጎ ነበር። የመምህራን ደመወዝ ከመንግሥት በጀት ይከፈላል፤ ለጥበቃና ለወንበር ጥገና የሚተርፈው ግን ጥቂት ስለሆነ ጉድለቱ ወደ ወላጅ ይመጣል። በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ተገኝተው ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ይጠይቁ። መዋጮ ባለመክፈሉ ከክፍል የሚባረር ልጅ ግን ፈጽሞ ሊኖር አይገባም።

ጥያቄ (ከሞጣ ዙሪያ)፦ የቀበሌያችን ትምህርት ቤት በግጭቱ ምክንያት ስለተዘጋ ሴት ልጄን ከተማ አስገባሁ። ክፍያ ባይኖርም ወጪው ከበደኝ።

መልስ፦ አባቴ፣ የገጠር ወላጅ ትልቁ ወጪ የቤት ኪራይ፣ ስንቅና ማገዶ ነው፤ ይህም «ነፃ» በሚባለው ትምህርት ሒሳብ ውስጥ አይታይም። ከአንድ አካባቢ የመጡ ሴት ተማሪዎች በጋራ ቢከራዩ ኪራዩ ይቀልላል፣ ለደኅንነታቸውም ይበጃል። ዘመድ ቤት ካስጠጓት ደግሞ የጥናት ሰዓቷ በቤት ውስጥ ሥራ እንዳይበላ አስቀድመው ይነጋገሩ።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ከፍለን ብናስተምር የ12ኛ ክፍል ፈተናን ማለፉ አይቀርም ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ባለፉት ዓመታት ስንት ተማሪ አስፈትኖ ስንቱን እንዳሳለፈ፣ የሒሳብና የእንግሊዝኛ መምህራኑም ዓመቱን ሙሉ ይቆዩ እንደሆነ ሳይጠይቁ አይመዝገቡ። መልሱ ካላረካዎት ልጁን በመንግሥት ትምህርት ቤት አስተምረው፣ ለወር ክፍያ ያሰቡትን ገንዘብ በሚደክምባቸው ትምህርቶች ለማጠናከሪያ ቢያውሉት ይሻላል።