መልስ፦ ዳእዋው (ወደ እስልምና የሚደረገው ጥሪ) ለምን በድብቅ ተጀመረ?

ወዓለይኩም ሰላም ወንድሜ። «ሐቅ ከሆነ ለምን 3 ዓመት ያህል ተደበቀ?» ብለሃል። ጥቂቶቹ አማኞች ገና ሳይጠነክሩ እንዳይደቆሱ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ የነገሩት በቅርብ ለሚያውቋቸው ነው፤ ለኸዲጃ፣ ለዐሊ፣ ለዘይድ፣ ለአቡበክር። አቡበክር ደግሞ ሰው የሚወዳቸው ነጋዴ ነበሩ። ዑስማንን፣ ጠልሓንና ዙበይርን ወደ እስልምና ያመጡት በወዳጅነት እንጂ አደባባይ ወጥተው በመጮህ አይደለም።

እኔን የሚገርመኝ ግን አማኞቹ በድብቅ ይሰበሰቡበት የነበረው የአርቀም ቤት ነው። ሰፋ ኮረብታ አጠገብ፣ ከከዕባ ብዙም ሳይርቅ። ባለቤቱ ገና ወጣት ነው፤ ጎሳው በኑ መኽዙም፣ የሙስሊሞች ቀንደኛ ጠላት የነበረው የራሱ የአቡ ጀህል ጎሳ! እዚያ ይሰበሰባሉ ብሎ ማን ይጠረጥራል? ለሶላት ደግሞ ወደ መካ ሸለቆዎች ወጣ ይሉ ነበር።

አንተም የሰፈርህን ልጅ ወደ ዲን (ወደ ሃይማኖቱ) ልትጠራ ካሰብክ፣ ፌስቡክ ላይ ከመከራከርህ በፊት ሻይ ጋብዘው።